ከአልበም የቀሩ ዘፈኖች፦ ለምን ቀሩ? እንዴትስ ተመለሱ?

(በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በተካሄደ የሙዚቃ ወዳጆች ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ!

የተከበራችሁ ጋሼዎች፣ እትዬዎች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ በሥራ ቀን፣ በዚህ ብርድ፣ ልጅ አስተኝታችሁ፣ ፈረቃ ቀይራችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከኋላ ይሰማል? ይሰማል። ጥሩ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሮክ ሙዚቃ ነው። በተለይ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ስለተሠሩት ትልልቅ አልበሞች። እነዚህ አልበሞች ከ30፣ ከ40፣ ከ50 ዓመት በኋላ እንደገና ሲታተሙ "ቦነስ" የሚባሉ ዘፈኖች ተጨምረውባቸው ይመጣሉ። በጊዜው ሳይወጡ የቀሩ፣ ተሞክረው የተተዉ፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጡ የኖሩ ዘፈኖች ናቸው። አንዳንዶቻችሁ "ያንኑ አልበም ለሦስተኛ ጊዜ ሊሸጡልን ነው" እንደምትሉ አውቃለሁ። ከዚህ በፊትም ብላችሁኛል። እውነትም አለው። እኔ ግን ዛሬ ልሟገታችሁ ነው የመጣሁት። የቀረ ዘፈን ሁሉ ደካማ ስለሆነ አልቀረም። ደግሜ ልበለው፦ የቀረ ዘፈን ሁሉ ደካማ ስለሆነ አልቀረም! ለምን እንደቀረ ያወቀ ሰው ደግሞ አልበሙንም፣ ሙዚቀኛውንም በሌላ ጆሮ ይሰማል።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ዘፈን ከአልበም ለምን ይቀራል? ሁለተኛ፣ ከቀረ በኋላ በምን መንገድ ይመለሳል? ሦስተኛ፣ ሲመለስ እኛ አድማጮች ምን እንጠይቅ? የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ታገሱኝ።

እንግዲህ አንደኛው። የዚህችን የምንኖርባትን ከተማ ስም ከያዘ ዘፈን ልጀምር።

በ1976 ፍሊትውድ ማክ የተባለው ባንድ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ማዶ ሳውሳሊቶ በምትባል ከተማ፣ ሬከርድ ፕላንት ስቱዲዮ ገባ። የሚሠሩት አልበም በኋላ "ሩመርስ" የተባለው ነው። ጊዜው ለባንዱ የመለያየት ጊዜ ነበር። ድምፃዊቷ ስቲቪ ኒክስና ጊታሪስቱ ሊንዚ በኪንግሃም ተለያይተዋል። ኪቦርድ ተጫዋቿ ክሪስቲን መክቪና ቤዚስቱ ጆን መክቪ እየተፋቱ ነው። የከበሮ መቺው የሚክ ፍሊትውድም ትዳር ተናግቷል። እስቲ አስቡት! ከተለያችሁት ሰው ጋር በየቀኑ አንድ ክፍል ገብታችሁ፣ ስለ እናንተ የጻፈውን ዘፈን እናንተው አጅባችሁ መዝፈን!

ሊንዚ ስለ መለያየታቸው "ጎ ዩር ኦውን ዌይ" የሚለውን ጻፈ። ስቲቪም መልሷን ጻፈች። የዘፈኑን ስም ከየት አመጣችው? ከዚሁ ከሜሪላንድ! በመኪና ሲያልፉ የመንገድ ምልክት ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚል አየች፤ ወደደችው። ዘፈኗን "ሲልቨር ስፕሪንግስ" አለችው። ብዙዎቻችሁ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄዱ በሥሩ የምታልፉበት ስም ነው። (ጭብጨባ)

ዘፈኑ ተቀረጸ። ቆንጆ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ከአልበሙ ተቀነሰ። ለምን?

አንዱ ምክንያት ሸክላው ራሱ ነው። አንድ የሸክላ ፊት ጥሩ ድምፅ የሚሰጠው ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲይዝ ነው። ከዚያ በላይ ሲጫንበት መርፌው የሚሄድበት ቦይ መጥበብና መቀራረብ አለበት። ቦዩ ሲጠብ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ቤዙም ይሳሳል። "ሲልቨር ስፕሪንግስ" ረጅም ዘፈን ነው። ቀስ ያለም ነው። አልበሙ ላይ ደግሞ ቀስ ያሉ ሌሎች ዘፈኖች ነበሩ። ስለዚህ በእሱ ቦታ አጠር ያለ፣ ፈጠን ያለ ሌላ የስቲቪ ዘፈን ገባ። ያውም ባልደረቦቿ ሙዚቃውን እሷ ሳታውቅ ቀድተውት ነው። ሚክ ፍሊትውድ መርዶውን የነገራት ከስቱዲዮው ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ነበር። ዘፈኑ ደግሞ ገቢው እንዲሆናት ለእናቷ በስጦታ የሰጠችው ነበር። ለእናትህ የሰጠኸውን ስጦታ ነጥቀው "ቦታ አጣንለት" ሲሉህ ምን ይሰማሃል?

የት ሄደ? "ጎ ዩር ኦውን ዌይ" በነጠላ ሸክላ ሲወጣ ጀርባው ላይ ገባ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ከፊት ሊንዚ ስለ ስቲቪ ይዘፍናል። ሸክላውን ስትገለብጠው ስቲቪ ትመልስለታለች። ክሱም መልሱም አንድ ሸክላ ላይ! ግን ጀርባውን ስንት ሰው ይሰማል? አልበሙ በየካቲት 1977 ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ። መልሱ ግን ጀርባ ላይ ቀረ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስቲቪ ዘፈኑን በራሷ የምርጥ ዘፈኖች ስብስብ ላይ ላውጣው አለች። ሚክ እምቢ አለ፤ ለባንዱ የ25 ዓመት ስብስብ ፈልጎታል። እሷም ባንዱን ጥላ ወጣች። በአንድ የሸክላ ጀርባ ዘፈን! ጉዳዩ የዘፈን ብቻ እንዳልነበረ ገብቷችኋል።

ከዚያ 1997 መጣ። ታርቀው ተመለሱ። "ዘ ዳንስ" የተባለውን ኮንሰርት በርባንክ ውስጥ፣ በተመልካች ፊት ቀረጹ። እስቲ ዛሬ ቤት ስትገቡ ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እዩት። ዘፈኑ ለስለስ ብሎ ይጀምራል። ስቲቪ ፊቷ ወደ ሕዝቡ ነው። ወደ መጨረሻው ሙዚቃው ሲያይል ወደ ሊንዚ ትዞራለች። ማይኩን እንደያዘች ዓይኑን እያየች ትዘፍንበታለች። እሱም ጊታሩን እየመታ፣ አብሯት እየዘፈነ፣ ዓይኑን አይነቅልም። ሃያ ዓመት የቆየ ነገር ነው እዚያ መድረክ ላይ የወጣው። ያ ቅጂ ለግራሚ ታጨ። ጀርባ ላይ የቀረው ዘፈን ባንዱ ከሚታወቅባቸው ዘፈኖች አንዱ ሆነ።

በ2004 "ሩመርስ" እንደገና ሲታተም "ሲልቨር ስፕሪንግስ" አልበሙ ውስጥ ገባ። ያውም መጨረሻ ላይ አይደለም፤ መሃል ላይ፣ "ሶንግበርድ" ካለቀ በኋላና "ዘ ቼይን" ከመጀመሩ በፊት። ደስ አለኝ? ለስቲቪ አዎ። ለአልበሙ ግን አላለኝም። "ሶንግበርድ" የመጀመሪያው ፊት መዝጊያ ነው። ሰው ተነስቶ ሸክላውን ይገለብጣል። ያቺ ዕረፍት የአልበሙ አካል ናት። ከዚያ "ዘ ቼይን" በከበሮው ይገባል። በዚህ መሃል ሌላ ዘፈን፣ የፈለገ ያህል ቢያምር፣ መግባት የለበትም ባይ ነኝ። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ስለዚህ አንዱ ምክንያት ቦታ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ተሰሚነት ማጣት ነው። ጆርጅ ሃሪሰንን አስቡ። ባንዱ ቢትልስ ነው። ጆን ሌነንና ፖል ማካርትኒ አሉ። እነሱ እያሉ ለሦስተኛው ሰው ስንት ቦታ ይተርፋል? በ1968 "ኖት ጊልቲ" የሚል ዘፈን አመጣ። ከመቶ ጊዜ በላይ ሞከሩት። ከመቶ ጊዜ በላይ! በዚያ ዓመት የወጣው፣ "ነጩ አልበም" የሚባለው የቢትልስ ሥራ 30 ዘፈን የያዘ ድርብ አልበም ነው። ለ"ኖት ጊልቲ" ግን ቦታ አልተገኘም። ጆርጅ በ1979 በራሱ አልበም ላይ እንደ አዲስ ሠራው። የቢትልስ ቅጂ የወጣው በ1996፣ "አንቶሎጂ" በተባለው ስብስብ ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው።

እዚያው ስብስብ ላይ ሌላ ዕንቁ አለ። ጆርጅ 26 ዓመት በሞላው ቀን፣ በየካቲት 1969፣ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ ለሙከራ ዘፈኖች ቀዳ። አንደኛው "ሳምቲንግ" ነበር። ሌላው "ኦል ቲንግስ መስት ፓስ"። ይህንን ሁለተኛውን በዚያው ጥር ባንዱ ሲለማመደው ከርሞ ትቶታል። ጆርጅ ምን አደረገ? ቢትልስ ሲበተን፣ በ1970፣ በዚሁ ዘፈን ስም የሦስት ሸክላ አልበም አወጣ። የሦስት ሸክላ! ያንን ሁሉ ዓመት ሲከለከል የነበረው ሰው ቤቱ ውስጥ ምን ያህል ዘፈን እንዳከማቸ ዓለም ያኔ አየ። የልደት ቀኑን ቅጂ ስሰማ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። አጃቢ የለም። አንድ ሰውና ጊታሩ ብቻ ነው። ዘፈኑ ግን ሙሉ ነው፤ ምንም አይጎድለውም።

ሦስተኛው ምክንያት የራስ ጥርጣሬ ነው። ቦብ ዲላን በ1983 "ኢንፊደልስ" የተባለውን አልበም ሲሠራ "ብላይንድ ዊሊ መክቴል" የሚል ዘፈን ቀዳ። እሱ ፒያኖ፣ ማርክ ኖፍለር ጊታር። ሌላ ምንም የለም። እኔ ከዲላን ሥራዎች ሁሉ ከፊት ከማስቀምጣቸው አንዱ ነው። ዲላን ግን ተወው። ከልካይ አልነበረበትም፤ ራሱ ነው የተወው። ዘፈኑ በይፋ የወጣው በ1991፣ "ቡትሌግ ሲሪስ" የተባለው ተከታታይ ሲጀመር ነው። የሠራው ሰው ሁልጊዜ የሥራው ጥሩ ዳኛ አይደለም ማለት ነው።

ሕመምም አለ። ኒል ያንግ "ሆምግሮውን" የተባለ ሙሉ አልበም በ1974ና በ75 ሠርቶ ጨረሰ። የፍቅር መፍረስ አልበም ነው። በጣም ስላመመው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው፤ በምትኩ ሌላ አልበም አወጣ። "ሆምግሮውን" የወጣው በ2020 ነው። 45 ዓመት!

መትረፍረፍም አለ። ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1978 ለወጣው "ዳርክነስ ኦን ዘ ኤጅ ኦፍ ታውን" ብዙ ዘፈኖች ቀድቶ አሥሩን ብቻ መረጠ። ጨለምለም ያለ፣ አንድ ወጥ ስሜት ያለው አልበም ፈልጎ ነበር። ለሬድዮ የሚመቹትን አወጣቸው። "ቢኮዝ ዘ ናይት" ከእነዚያ አንዱ ነው፤ ሳይጨርሰው ለፓቲ ስሚዝ ሰጣት። ግጥሙን ጨርሳ ዘፈነችው፤ ትልቁ ዘፈኗ ሆነ። እንዲህ ያለ ዘፈን መስጠት የሚችል ሰው ምን ያህል ሀብታም ነው? በ2010 "ዘ ፕሮሚስ" በሚል ከሃያ በላይ የቀሩ ዘፈኖች ሲወጡ አየነው።

እሺ፣ ሁለተኛው ነጥብ። በምን መንገድ ይመለሳሉ?

መጀመሪያ በሌባ በር ነው። በ1969 "ግሬት ኋይት ወንደር" የተባለ ሸክላ አሜሪካ ውስጥ በድብቅ ተሸጠ። ነጭ ልባስ፣ የኩባንያ ስም የሌለበት። ውስጡ ያልወጡ የዲላን ቅጂዎች ናቸው። ከፊሎቹ በ1967 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ፣ "ቢግ ፒንክ" በሚባል ቤት ምድር ቤት፣ በኋላ "ዘ ባንድ" ከተባሉት ጓደኞቹ ጋር የተቀዱ ናቸው። ጥራቱ የወረደ ነበር። ሰው ግን ተሻማበት። ኩባንያዎቹ የቀረ ዘፈን ገበያ እንዳለው የተማሩት ከእነዚህ ድብቅ ሸክላዎች ነው። የምድር ቤቱ ቅጂ ሙሉው በ2014 በስድስት ሲዲ ወጣ፤ 138 ቅጂ ነው።

ቀጥሎ ሲዲ መጣ። ሸክላ 40 ደቂቃ ገደማ ይይዛል። ሲዲ 74 ደቂቃ። የድሮውን አልበም ሲዲ ላይ ስታደርገው ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው ባዶ ነው። ባዶውን በምን እንሙላው? በቀሩት ዘፈኖች! በ1990ዎቹ መጀመሪያ ራይኮዲስክ የተባለው ኩባንያ የዴቪድ ቦዊን አልበሞች እንዲህ እየሞላ ማውጣቱ ለብዙዎች መንገድ ከፈተ።

ይህን ሳወራ አዲስ አበባ ትዝ ይለኛል። ልጅ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ የዘፈን ዝርዝር በወረቀት ጽፎ ሙዚቃ ቤት ይልከኝ ነበር። ባዶ ካሴት ይዤ እሄዳለሁ። ባለ 60 ወይም ባለ 90። የሙዚቃ ቤቱ ልጅ ዝርዝሩን ያያል፣ ደቂቃውን በጭንቅላቱ ይደምራል፣ "ነገ ና" ይላል። በማግስቱ ካሴቱ ካርቶኑ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ የዘፈኖቹ ስም ተጽፎበት ይሰጠኛል። ታዲያ ዝርዝሩ አልቆ ክር ከተረፈ ልጁ ባዶ አይተወውም። የራሱን ምርጫ ይሞላበታል። ስሙንም አይጽፈውም። ወንድሜ የጻፋቸውን ዘፈኖች ዛሬ ብዙዎቹን ረስቻለሁ። መጨረሻ ላይ የገቡትን ስም የለሾቹን ግን እስካሁን አንጎራጉራቸዋለሁ። የእኛ ቦነስ ያ ነበር። እዚህ ያላችሁ በእኔ ዕድሜ የምትገኙ ትመሰክሩልኛላችሁ። (ሳቅና ጭብጨባ)

ሦስተኛው መንገድ ሕግ ነው። ይህንን ብዙ ሰው አያውቀውም። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 የድምፅ ቅጂ መብትን ከ50 ወደ 70 ዓመት አራዘመ። ግን ሁኔታ አለው። ቅጂው በተሠራ በ50 ዓመት ውስጥ ካልወጣ ባለቤቱ ያንን መብት ያጣል። ኩባንያዎቹ ደነገጡ። በ2012 መጨረሻ የዲላን የ1962 ቅጂዎች አውሮፓ ውስጥ በመቶ ኮፒ ገደማ ብቻ ታትመው ወጡ። ሰው እንዲሰማቸው አይደለም፤ መብቱ እንዳይቃጠል ነው። በዓመቱ የቢትልስ የ1963 ቅጂዎች፣ 59 ያህል፣ እንዲሁ በኢንተርኔት ገበያ ላይ ወጡ። ሐሳቡ የነጋዴ ነው። የተጠቀምነው ግን እኛ ነን።

አሁን ስለ ክሩ ላውራ፤ ይህ የሁላችንም ጉዳይ ስለሆነ። ሙዚቃው ያለው ማግኔት ክር ላይ ነው። በ1970ዎቹና 80ዎቹ በተሠሩ አንዳንድ ክሮች ላይ ድምፁን የያዘውን የማግኔት ብናኝ የሚያጣብቀው ሙጫ ከአየር እርጥበት ይስባል። ክሩ ይጣበቃል። ማጫወቻው ላይ ሲያስገቡት ይንጫጫል፣ ብናኙም ይላጣል። ባለሙያዎች ምን ያደርጋሉ? ክሩን ሙቀቱ በደንብ በሚቆጣጠር ምድጃ ውስጥ፣ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ላይ፣ ለሰዓታት ያሞቁታል። ከዚያ ለአጭር ጊዜ ይድናል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ወደ ዲጂታል መቅዳት ነው።

ዳግመኛ የማይድንም አለ። በሰኔ 2008 ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ግቢ ውስጥ እሳት ተነሳ። የማስተር ክሮች፣ ማለትም ሌላው ቅጂ ሁሉ የሚወጣባቸው ዋናዎቹ ክሮች፣ የተቀመጡበት መጋዘን ተቃጠለ። የጉዳቱን ስፋት ኒውዮርክ ታይምስ መጽሔት በዝርዝር የጻፈው ከ11 ዓመት በኋላ ነው። ስንት ያልወጣ ዘፈን አብሮ ነደደ? ዝርዝር ያልተያዘለት ነገር ሲቃጠል መቃጠሉም አይታወቅም።

ቴክኖሎጂ ያዳነውም አለ። ጆን ሌነን በ1970ዎቹ መጨረሻ ኒውዮርክ ቤቱ ውስጥ ፒያኖ እየመታ "ናው ኤንድ ዜን" የሚል ዘፈን ካሴት ላይ ቀዳ። ከሞተ በኋላ ባለቤቱ ዮኮ ኦኖ ካሴቱን ለፖል ሰጠችው። በ1995 የቀሩት ሦስቱ ቢትልሶች፣ ፖል፣ ጆርጅና ከበሮ መቺው ሪንጎ፣ ሊሠሩት ሞከሩ። ፒያኖው ድምፁን ሸፈነው፤ ማስጫጫቱም አላሠራ አለ። ተዉት። ጆርጅ በ2001 አረፈ። ከዚያ የፊልም ሠሪው የፒተር ጃክሰን ቡድን ድምፅን ከፒያኖ የሚለይ ዘዴ አመጣ። ዘፈኑ በኅዳር 2023 ወጣ። የጆን ድምፅ፣ የጆርጅ የ1995 ጊታር፣ ከፖልና ከሪንጎ አዲስ ሥራ ጋር። ጥሩው ነገር እንዴት እንደተሠራ ከመጀመሪያው በግልጽ መናገራቸው ነው።

ይህ ወደ ሦስተኛው ነጥቤ ይወስደኛል። ምን እንጠይቅ?

አንደኛ፣ እውነቱ ይነገረን። ሮሊንግ ስቶንስ በ2010 "ኤግዛይል ኦን ሜይን ስትሪት"ን እንደገና ሲያወጡ አሥር ቦነስ ጨመሩ። አልበሙ በ1971 ደቡብ ፈረንሳይ፣ ኔልኮት በሚባል ቪላ ምድር ቤት ብዙው የተቀዳ ነው። ከቦነሶቹ አንዳንዶቹ ግን ሙዚቃቸው የድሮ፣ የሚክ ጃገር ድምፅ አዲስ ነው። ያልተዘፈነባቸውን አሁን ዘፈነባቸው። ዘፈኖቹ መጥፎ አይደሉም። "ፕላንደርድ ማይ ሶል"ን እኔም እወደዋለሁ። ግን የ28 ዓመት ወጣት ነው የምሰማው ወይስ የ66 ዓመት ሰው? ይህ ከዘፈኑ ስም አጠገብ በጉልህ መጻፍ አለበት። መቼ ተቀዳ፣ የት ተቀዳ፣ ማን ተጫወተ፣ ምን ተጨመረ። ይህ ለእኔ ከፎቶ መጽሐፉም ከፖስተሩም ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ አልበሙ ሳይነካ ይቆይ። ከዘፈኑ ማለቅ በኋላ ያለው ዝምታም የሙዚቃው ነው። የቢትልስን "ሳርጀንት ፔፐር" መጨረሻ ታውቁታላችሁ። የፒያኖው ድምፅ ከ40 ሰከንድ በላይ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያው የልምምድ ቅጂ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብሎ ቢጀምር ምን ይሰማችኋል? ቦነሱን ሌላ ሲዲ ላይ አድርጉት። ይህን ያህል ብር ከፍለን ለዝምታው ቦታ መጠየቅ መብታችን ነው።

ሦስተኛ፣ ከቻላችሁ የሥራውን ሂደት የሚያሳየውን ምረጡ። የምወደውን ምሳሌ ልስጣችሁ። የዲላን "ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን"፣ ሰኔ 1965፣ ኒውዮርክ። በ2015 በወጣው "ዘ ከቲንግ ኤጅ" ስድስት ሲዲ ስብስብ ውስጥ አንዱ ሲዲ ሙሉ በሙሉ የዚህ አንድ ዘፈን ሙከራዎች ነው። የመጀመሪያውን ቀን ስትሰሙ ዘፈኑ እንደ ቫልስ በሦስት ምት ነው የሚሄደው። ይንገዳገዳል። ይቆማል። እንደገና ይጀምራል። በማግስቱ ምቱ ተቀየረ። አል ኩፐር የሚባል የ21 ዓመት ጊታሪስት ለመታዘብ ተጋብዞ መጥቶ ነበር። ጊታሩን የሚያስንቀው ሰው ቀድሞ ተቀምጧል። እሱም ብዙ የማይችለውን ኦርጋን ፊት ተቀመጠ። ሌሎቹ ኮርድ ሲቀይሩ እየሰማ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይከተላቸዋል። ያ ዘግየት ያለ ኦርጋን ነው ዓለም የሚያውቀው! አራተኛው ሙከራ ላይ ተገኘ። እነሱ ግን አላወቁም። ከዚያም በኋላ ደጋግመው ሞከሩ፤ ያንን ያህል የሆነ የለም። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ትልቅ ዘፈን ሲወለድ፣ ከዚያ ሲያመልጣቸው ትሰማላችሁ። ሙዚቃ ለምትማሩ ልጆች ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለኝም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ከዚሁ ከአካባቢያችን። ኃይሉ መርጊያን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 አሜሪካ መጥተው እዚሁ ቀሩ። በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ብቻቸውን የሠሩት ካሴት አገር ቤት ተሸጠ፤ ከዚያ ዝም ተባለ። እሳቸው ደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ይነዱ ነበር። ኪቦርዳቸው የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዱ ነበር። ብራየን ሺምኮቪትዝ የሚባል፣ የአፍሪካ ካሴቶችን እንደገና የሚያሳትም ሰው፣ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ገዝቶ ሰማው። ደወለላቸው። አልበሙ በ2013 እንደገና ወጣ። ከዚያ በዓለም መድረኮች ላይ ተመለሱ። ካሴቱን አንድ ሱቅ ባያስቀምጠው ኖሮስ?

የእናንተስ ቤት? ካርቶን ውስጥ ምን አለ? ድሮ ደብዳቤ በካሴት ይላክ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እኛ ቤት ከደሴ አያቴ የላከችው አንድ አለ። ሰላምታው፣ ምርቃቱ፣ የጎረቤት ሁሉ ስም ተጠርቶ አለቀ። "በሉ ደህና ሁኑ" አለች። ቴፑን ግን ማንም አላጠፋውም። ቡና እየቆላች ታንጎራጉራለች። ማንከሽከሻው ይሰማል። የምታንጎራጉረውን ዜማ የትም አላገኘሁትም። ዘመድ ጠይቄያለሁ፤ አንድም የሚያውቅ የለም። ሰላምታውን ብቻ ቀድቼ ቀሪውን "ትርፍ ነው" ብዬ ቆርጬው ቢሆን ኖሮ ያ ዜማ ዛሬ የለም ነበር።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ካሴቶቻችሁን አትጣሉ። አናቱ ላይ ያሉትን ሁለቱን ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሩ፤ ማንም ደርቦ አይቀዳበትም። ከሙቀት፣ ከስፒከርና ከእርጥበት አርቁ። ጋራዥና ምድር ቤት አይሆንም። አስተኝታችሁ ሳይሆን አቁማችሁ አስቀምጡ። ካርቶኑ ላይ የሚዘፍነው ማን እንደሆነ፣ የት፣ መቼ፣ ማን እንደቀዳው ጻፉ። የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ ጠይቁ። ክሩ ከላላ በቢክ እስክሪብቶ ቀስ አድርጋችሁ አጥብቁት፤ ልክ እንደ ድሮው። ከዚያ እስከ መጨረሻው ቅዱት። ዘፈኑ አልቆ ወሬ ቢቀጥልም አታቋርጡት።

ከኋላ ጠረጴዛው ላይ የካሴት ማጫወቻና ኮምፒውተር አለ። ወጣቶቹ እስከ አራት ሰዓት ይቆያሉ። ካሴት ይዛችሁ የመጣችሁ ስጧቸው፤ ያልያዛችሁ ስልካችሁን አስመዝግቡ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ይቀዳላችኋል። እኔም እዚሁ ነኝ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። ጋሼ፣ ከእርስዎ እንጀምር፤ ማይኩን ይስጧቸው።

አመሰግናለሁ።